የመማሪያ መርጃን የተማሪዎች መነጋገሪያ ማድረግ፦ በማኅበራዊ ግንባታዊነት ለሚያስተምር መምህር የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ስለ አፈር መሸርሸር ለማስተማር ሁለት ሌሊት ተቀምጬ በተቀደደ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ሠርቼ ነበር። ተራራው፣ ጎርፉ፣ የተጠረገው ማሳና ከታች የተጠራቀመው ደለል በየቀለማቸው ተለይተው፣ ስማቸውም በጉልህ ተጽፎ ነበር። በማግስቱ ሥዕሉን ሰቅዬ ከላይ እስከ ታች አብራራሁት፤ ተማሪዎቹም በጸጥታ ወደ ደብተራቸው ገለበጡት። ከሳምንት በኋላ «ሣር ያለበት መሬት በጎርፍ ቶሎ የማይጠረገው ለምንድን ነው?» ብዬ በፈተና ስጠይቅ፣ አብዛኞቹ በሥዕሉ ላይ የተጻፉትን ስሞች በቅደም ተከተል ጻፉልኝ እንጂ ምክንያቱን የነገሩኝ በጣም ጥቂት ነበሩ። ሥዕሉ ጉድለት አልነበረበትም፤ ተማሪዎቹም ሰነፎች አልነበሩም። የጎደለው ንግግር ነበር። ሥዕሉን ያየሁት፣ የነካሁት፣ የተናገርኩበትም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ስሕተት ሌላ መምህር እንዳይደግመው ስለምፈልግ ነው። የምለው ነገር አንድ ነው፦ የመማሪያ መርጃ የሚያስተምረው ተማሪዎች ከበውት ሲነጋገሩበት፣ ሲከራከሩበትና ሐሳባቸውን ሲያስተካክሉበት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሶሻል ኮንስትራክቲቪዝም የሚባለውና በአማርኛ ማኅበራዊ ግንባታዊነት የምንለው አመለካከት በአብዛኛው የሚነሣው ከሌቭ ቪጎትስኪ ሥራ ነው። ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 በዛሬዋ ቤላሩስ ተወልዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ገና በ37 ዓመቱ ያረፈ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ሰው ዕውቀትን በመጀመሪያ የሚያገኘው በሰዎች መካከል፣ ማለትም በንግግርና በጋራ ሥራ ነው፤ ወደ ግል አእምሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መካከል ቋንቋ፣ ምልክት፣ ቁጥር፣ ካርታና መሣሪያ አገናኝ ሆነው ያገለግላሉ። የመማሪያ መርጃ በዚህ አመለካከት ክብር ያለው ስፍራ የሚያገኘውም የአስተሳሰብ መሣሪያ በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ «የቅርብ ዕድገት ቀጣና» ይባላል። ተማሪው ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና የሚያውቅ ሰው ሲያግዘው ሊሠራው በሚችለው መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። አጋዡ መምህር ብቻ አይደለም፤ አንድ እርምጃ የቀደመ የክፍል ጓደኛም ሊሆን ይችላል።

ጎንደር ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ሲያስቀጽል ኖሯል፤ የኔታ የሁሉንም ልጅ ትምህርት በየሰዓቱ አይሰሙም፤ ልጁ ግን ሰሚ አያጣም። የፊደል ገበታው በልጁ ጭን ላይ ነው፤ ፊደሉን የሚጠቁመው ስንጥርም በልጁ እጅ ነው። በቁርኣን ቤትም የእንጨት ሉሕ የሚያዘው በተማሪው እጅ ነው፤ እየጻፈ፣ እያነበበ፣ እያጠበም ይማርበታል። በእነዚህ ቤቶች ቃል በቃል መያዝ ትልቅ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ የምንፈልገውም ከዚያ ያለፈ ነው። ነገር ግን መርጃው በተማሪ እጅ መሆኑና ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ከውጭ የመጣ ልማድ እንዳልሆነ ማስታወስ ለወላጆችም ለመምህራንም ልብ ይሰጣል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄው ይቅደም፣ መርጃው ይከተል

ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከተገኘው ነገር ነው፤ ቪዲዮ አለ፣ ቻርት አለ፣ እንግዲህ እናሳይ እንላለን። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሊከራከሩበት የሚችሉ አንድ ጥያቄ ይጻፉ። ጥሩ ጥያቄ ቢያንስ ሁለት ምክንያታዊ የሚመስሉ መልሶች ይኖሩታል፤ መልሱም ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀድቶ የሚገኝ አይሆንም። «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» የሚለው ትርጉም ስለሚጠይቅ ተማሪው መጽሐፉን ይገልጣል። «በአንድ ቁልቁለት ላይ ካሉ ሁለት ማሳዎች አንዱ በክረምት አፈሩ ሲጠረግ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን ያከራክራል።

የእኛ ከተማ ለዚህ ጥያቄ የራሷ ጉዳይ አላት። የጎንደር ዋነኛ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሆኖ የኖረው የአንገረብ ግድብ ከተፋሰሱ በሚመጣው ደለል የመያዝ አቅሙ ሲቀንስ ቆይቷል። ቤቱ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ልጅ ጥያቄው የእርሱ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጥያቄው ከተጻፈ በኋላ «ተማሪዎች መልሱን ለማግኘት ምን ማየት፣ ምን መንካት፣ ምን መለካት አለባቸው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። የዚህ መልስ መርጃውን ይመርጥልዎታል።

ደረጃ 2፦ ተማሪው ዛሬ የት እንዳለ ይወቁ

ከትምህርቱ አንድ ቀን አስቀድመው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ 5 ደቂቃ ይውሰዱና ተማሪዎቹ በቁራጭ ወረቀት አንድ ነገር እንዲጽፉ ወይም እንዲሥሉ ያድርጉ፦ «በክረምት የቀሃ ወንዝ ውሃ ለምን ይደፈርሳል?» ወረቀቶቹን ማረም አያስፈልግም፤ በሦስት ክምር መለየት ይበቃል። አንዳንዶቹ «ዝናቡ ቆሻሻ ስለሆነ» ይላሉ፤ አንዳንዶቹ «ጎርፉ አፈር ስለሚያመጣ» ይላሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ «ዛፉ ስለተቆረጠ አፈሩን የሚይዘው የለም» ብለው ምክንያቱን ይደርሱበታል። ነገ ቡድን ሲመሠርቱ እነዚህን ሦስት ዓይነቶች ማደባለቅ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸው ልጆች አብረው ከተቀመጡ በፍጥነት ተስማምተው ዝም ይላሉ።

ደረጃ 3፦ መርጃውን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ መምህራን አሳታፊ ማስተማርን የሚተዉት መርጃው በእጃቸው ላይ ሲበላሽባቸው ነው።

የማሳዎቹን ጥያቄ በትንሽ ሙከራ ለማየት ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ ያስፈልጋል። ተማሪዎች ከየቤታቸው እንዲያመጡ ከሳምንት በፊት ይንገሯቸው። ጠርሙሱን በጎኑ አጋድመው ከላይ በኩል ያለውን ጎን ከአንገቱ እስከ መቀመጫው በመስኮት መልክ ይቁረጡት፤ አንገቱ መነካት የለበትም። መቁረጡን ራስዎ ወይም ትልልቆቹ ተማሪዎች በእርስዎ ፊት ይሥሩት፤ የፕላስቲኩ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል። ከዚያ ሦስቱንም ከአንድ ቦታ በተወሰደ አፈር ከአንገቱ ቀዳዳ ትንሽ ዝቅ እስኪል ሙሏቸውና በእጅ ጠበቅ ያድርጉት። አፈሩ ልል ከሆነ ሦስቱም ጠርሙሶች እኩል ይጠረጋሉ፤ ያኔ የሚታይ ልዩነት አይኖርም።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ባዶ አፈር ብቻ ይይዛል። በሁለተኛው አፈር ላይ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ይነሰነሳል። በሦስተኛው ላይ ከነሥሩና ከነአፈሩ የተነሣ ሣር ይቀመጣል። ሣሩ በዕለቱ ተነቅሎ ከመጣ ከሥሩ ክፍተት ስለሚኖር ውሃው በዚያ እየሾለከ ውጤቱን ያበላሻል፤ ስለዚህ ከአሥር ቀን በፊት ተክለው በየቀኑ ውሃ ቢያጠጡት ይሻላል። ይህን ሥራ ለተማሪዎች መስጠት ራሱ ትምህርት ነው፤ ሣራቸው የደረቀባቸው ቡድኖች ለምን እንደደረቀ መነጋገራቸው አይቀርም።

ሦስቱም ጠርሙሶች ክዳናቸው ተነሥቶ፣ አንገታቸው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በዴስኩ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቁልቁለቱ እኩል እንዲሆን ከየመቀመጫቸው ሥር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ተመሳሳይ የመማሪያ መጽሐፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ይደረግ። ከአንገታቸው ሥር ውሃውን የሚቀበል ከሌላ ሃይላንድ የተቆረጠ ጥርት ያለ ኩባያ ይቀመጥ። ለዝናብ ደግሞ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይበቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ሙከራውን አስቀድመው ብቻዎን በቤትዎ ይሞክሩት። ውሃው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ የእርስዎ ሰፈር አፈር ጥቁር መረሬ ይሁን ቀይ፣ ምን ያህል እንደሚደፈርስ ማወቅ አለብዎት። መረሬ አፈር ደረቅ ሲሆን ይሰነጠቅና ውሃውን ይውጠዋል፤ በመጀመሪያው ማፍሰስ ምንም ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም አፈር ከትምህርቱ በፊት እኩል ማራስ ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ አቀማመጥና ቡድን

በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ አይሆንም የሚል መምህር ብዙ ነው፤ ስጋቱም እውነት አለው። መፍትሔው ከየሁለቱ ተከታታይ ዴስክ የፊተኛው ተማሪዎች ብቻ ወደ ኋላ እንዲዞሩ ማድረግ ነው፤ ዴስክ ሳይነቃነቅ፣ ጩኸት ሳይፈጠር፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ስድስት ተማሪ ፊት ለፊት ይተያያል። ስድስት ለአንድ መርጃ ይበዛል፤ ግን ሦስቱን ጠርሙስ ለሦስት ጥንዶች ብናከፋፍለው እያንዳንዱ ጥንድ የሚጠብቀው ጠርሙስ ያገኛል፤ ውጤቱን ለማወዳደርም ሌሎቹን ጥንዶች ማናገር ግድ ይሆንበታል።

በአገራችን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ከልምዴ ያየሁት ችግር ጎበዙ ተማሪ ቋሚ መሪ ሆኖ ሲቀር ሌሎቹ እርሱን ጠባቂ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ በየትምህርቱ ይዙር፦ አንዱ ውሃ ያፈስሳል፣ አንዷ ትለካለች፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዷ ደግሞ ሥራዋ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ ብዙ ጊዜ ዝም ለሚሉ ልጆች ስጡ፤ መልስ ለመስጠት የሚፈራ ልጅ ለመጠየቅ ሲታዘዝ አፉን ይፈታል።

ደረጃ 5፦ ከማየት በፊት መገመት

ውሃው ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ፦ ከየትኛው ጠርሙስ የሚወጣው ውሃ ይበልጥ ይደፈርሳል? የትኛውስ ብዙ ውሃ ያወጣል? ለምን? ከዚያ ግምቱን ለቡድኑ ያንብብ። ብቻውን መጻፉ የሚያስፈልገው ኋላ «እኔም እንዲያ ብዬ ነበር» እንዳይል ነው። ሐሳቡን በጽሑፍ ያስቀመጠ ተማሪ ያየው ነገር ከጻፈው ጋር ሲጋጭበት ቆም ብሎ ያስባል፤ የምንፈልገውም ያችን ቅጽበት ነው።

ደረጃ 6፦ ሥራውና ንግግሩ

አንድ ጊዜ በዚህ ሙከራ መካከል የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከባዶው አፈር የወጣው ውሃ እንደ ቡና አተላ ደፍርሶ ነበር፤ ከሣሩ የወጣው ግን ጥቂትና ጥርት ያለ ነበር። ውሃ ያፈሰሰው ልጅ «ሣሩ ጠጥቶት ነው» አለ። ከጎኑ ያለችው ልጅ «ሣር ይህን ሁሉ ውሃ በአንድ አፍታ ይጠጣል እንዴ?» አለችው። «ታዲያ የት ሄደ?» አለ። ልጅቱ መልስ ሳትሰጠው ጣቷን በሣሩ ሥር ወደ አፈሩ ሰደደችና «ንካው እስቲ፤ ከታች ድረስ እርጥብ ነው። አልጠጣውም፣ ወደ ታች ገብቶ ነው» አለችው። ሦስተኛው ደግሞ «አንተ የእኛን ውሃ ቶሎ ነው ያፈሰስከው፤ የእነሱን ቀስ ብለህ ነው፤ ስለዚህ አይቆጠርም» ብሎ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ዞረው «ቲቸር፣ ማን ነው ልክ?» አሉኝ።

መምህር በዚህ ጊዜ መልሱን መናገር በጣም ያምረዋል። እኔም ያምረኛል። ነገር ግን መልሱን ከተናገርኩ ክርክሩ ያበቃል፤ ጠርሙሶቹም እንደ ድሮው ሥዕሌ የእኔ ይሆናሉ። ስለዚህ «ይህን ለማወቅ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?» ብቻ አልኳቸው። ሙከራውን እኩል ፍጥነት ጠብቀው ደገሙት፤ በመጨረሻም ሣሩን ነቅለው ሥሩ አፈሩን እንደ መረብ ይዞት ሲወጣ አዩ። «ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ለውሃውም መንገድ ይከፍታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እነርሱ ናቸው፤ ከመጽሐፉ ቃል ይለያል፤ ሐሳቡ ግን ሙሉ ነው።

በቡድኖች መካከል ሲዘዋወሩ የሚጠቅሙ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ፦ «ይህን ያልሽው ምን አይተሽ ነው?»፣ «ጓደኛህ ያለውን በራስህ አባባል ንገረኝ»፣ «ከእርሷ ጋር የማትስማማው በምኑ ላይ ነው?»። ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ብዙ ተማሪ እንደሚሳተፍ አሳይታለች። 3 ሰከንድ ክፍል ፊት ለቆመ መምህር ረጅም ነው፤ በልብዎ እየቆጠሩ ይለማመዱት።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል ልጨምር። የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ተማሪዎቹ በቡድን ሲነጋገሩ በአማርኛ ይነጋገሩ። ሐሳቡ የሚገነባው በሚያስቡበት ቋንቋ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ እንደ ስም ይስጧቸው። በተቃራኒው ከተሄደ ቃሉ ይሸመደዳል፤ ሐሳቡ ግን አይመጣም።

ደረጃ 7፦ መደገፍና ድጋፉን ማንሣት

እ.ኤ.አ. በ1976 ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ሕፃናት የእንጨት ቁርጥራጮችን አጋጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አንዲት አስተማሪ እንዴት እንደምታግዛቸው አጠኑ፤ እገዛዋንም ከግንባታ መወጣጫ ጋር አመሳሰሉት። መወጣጫ ግንቡ እስኪቆም ይተከላል፤ ሲቆም ይነሣል። ጎንደር ውስጥ በባሕር ዛፍ አጣና የተከበበ አዲስ ሕንፃ ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል፤ አጣናው ካልተነሣ ሕንፃው አላለቀም።

በክፍል ውስጥ ይህ ማለት የሚከተለው ነው። ግራ የገባውን ቡድን ሥራ አሳንሱለት፤ ሦስቱን ጠርሙስ ትቶ ሁለቱን ብቻ ያወዳድር። ከጉዳዩ የወጣውን ወደ ጥያቄው መልሱት። ልብ ሊሉት የሚገባውን ነገር፣ ለምሳሌ የኩባያውን ሥር፣ በጣት ጠቁሙ እንጂ አትተርጉሙላቸው። የተበሳጨውን አረጋጉ። ይህ ሁሉ ካልረዳ ብቻ አንድ ጊዜ ሠርታችሁ አሳዩ። በሚቀጥለው ትምህርት ደግሞ ከእነዚህ አንዱን ቀንሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሠንጠረዡን እናንተ ካሰመራችሁላቸው በሁለተኛው ርዕሶቹን ብቻ ስጧቸው፣ በሦስተኛው ባዶ ወረቀት። ድጋፍን መስጠት ብዙዎቻችን እንችላለን፤ ማንሣቱን ግን እንረሳዋለን።

ደረጃ 8፦ ቪዲዮና ስልክ

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ (በክፍል ቴሌቪዥን የሚተላለፍ) ትምህርት ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ትምህርቱ በሳተላይት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ ተማሪው ጥያቄ ቢኖረው መምህሩ ማስቆም አይችልም ነበር፤ ንግግሩም በእንግሊዝኛና በፍጥነት ነበር። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ መነጋገሪያ ጊዜ ግን አልነበረውም። ዛሬ በፍላሽ ወይም በስልክ የሚመጣው ቪዲዮ የሚበልጠው አንድ ነገር ስላለው ነው፦ ይቆማል። እንግዲህ አቁሙት። ከ3 ደቂቃ በላይ በአንድ ጊዜ አታሳዩ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩና ተማሪዎቹ ምን እየሆነ እንዳለ ለጓደኛቸው ይንገሩ፤ ከዚያ በድምፅ ደግማችሁ አሳዩና የራሳቸውን ማብራሪያ ከተራኪው ጋር ያወዳድሩ።

ስልክ ያላቸው ተማሪዎች ጥቂት ከሆኑ ያ ችግር አይደለም፤ ለቡድን አንድ ስልክ መኖሩ ንግግር ያስገድዳል። ተማሪዎች ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገዳቸው ያዩትን የተሸረሸረ ቦታና ያልተሸረሸረ ቦታ ፎቶ አንሥተው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እያንዳንዱን ከአንድ ምክንያት ጋር ይለጥፉ። ስልክ የሌለው በደብተሩ ሥሎ ያምጣ፤ ሥዕሉም ከፎቶው እኩል በክፍል ይቅረብ። ይህን ካላደረግን ትምህርቱ ስልክ ያላቸው ልጆች ብቻ ይሆናል፤ ይህም እጅግ ያሳስበኛል።

ሌሎች ትምህርቶች

በታሪክ ትምህርት ከፋሲል ግቢ የተሻለ መርጃ ከየት ይመጣል? የአፄ ፋሲለደስን ግንብ፣ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የአፄ ኢያሱን፣ የአፄ ዳዊትን፣ የአፄ በካፋንና የእቴጌ ምንትዋብን ሕንፃዎች ፎቶ ያለ ስም አትማችሁ ለየቡድኑ ስጡና በአሠራራቸው ብቻ እያዩ በዕድሜ ቅደም ተከተል እንዲደረድሯቸው አድርጉ። ክብ ማማው፣ የመስኮቱ ቅስት፣ የጣሪያው ዓይነት ሁሉ የክርክር ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብቻ የንግሥና ዘመናቱን ስጧቸው፤ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667፣ ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706፣ በካፋ ከ1721 እስከ 1730፤ ግምታቸውንም ያርሙ። ግቢውን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ለሒሳብ ትምህርት ተማሪዎች በእርምጃቸው ለክተው የየቡድኑ ቁጥር ለምን እንደተለያየ ቢከራከሩበት ስለ መለኪያ አሃድ አስፈላጊነት ከማንኛውም ንግግር በላይ ይማራሉ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በጣሳ የሚሸጠውን እህል በኪሎ መዝኖ ማወዳደርም እንዲሁ ነው።

ደረጃ 9፦ ማን ምን እንደተማረ ማወቅ

ቡድን ልጅን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ መጨረሻው የግል መሆን አለበት። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዎቹን 6 ደቂቃዎች ለዚህ ጠብቁ፤ ጊዜው ካጠረ ማጠቃለያ ንግግራችሁን ቁረጡ እንጂ ይህን አትቁረጡ። ተማሪዎች የጻፉትን ግምት ከፍተው ሥሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ሐሳቤን የቀየርኩት… ምክንያቱም…» ወይም «ሐሳቤን ያልቀየርኩት… ምክንያቱም…»። ከዚያ በሙከራው ላይ ያልታየ አንድ አዲስ ሁኔታ ስጧቸው፤ ለምሳሌ «ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ ያለው ቁልቁለት ሊታረስ ነው፤ ገበሬውን ምን ትመክሩታላችሁ?»። ሙከራውን ብቻ የሸመደደ ልጅ «ሣር ይትከል» ይላል፤ ሐሳቡን የያዘው ግን እህል እየዘራ አፈሩን እንዴት እንደሚያቆይ፣ ስለ እርከን፣ ስለ ዳር ሣር፣ ገለባውን ማሳው ላይ ስለ መተው ያነሣል።

በኩባያው ውስጥ ያለውን ውሃ አትድፉት። እስከ ማግስቱ ይቀመጥና ደለሉ ሲረጋ ተማሪዎች ውፍረቱን በማስመሪያ በሚሊሜትር ይለኩ፤ ከየቡድኑ የመጣውን ቁጥር በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ የአንዱ ቡድን ከሌላው ለምን እንደበለጠ ጠይቁና የሁለተኛውን ቀን ትምህርት ከዚያ ጀምሩ። ጠርሙሶቹንም አጥባችሁ አስቀምጧቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡት ተማሪዎች ግን ተቆርጠው የተዘጋጁትን አትስጧቸው፤ አንዱን ብቻ አሳዩና የራሳቸውን ይሥሩ።